ግራኝ መሆኑ ያልተረጋገጠው አናጺ

የመድን ድርጅቱ የካሳ ጸሐፊ ሠንጠረዡን በማስመሪያ እየተከተለ አነበበ።

«ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት። አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣ የቀኝ እጅ ከሆነ ሠላሳ አምስት በመቶ፣ የግራ ከሆነ ሃያ አምስት። የእርስዎ ግራ ነው፤ ሃያ አምስት።»

አናጺው በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሃያ ዓመት መዶሻ ያነሳ እጅ በአንድ ቁጥር ተጠቃሎ ሲነበብለት ሰው ምን ይላል? አብራው የመጣችው ታላቅ እህቱ ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ አይተናነስም።

«አንተ ልጅ፣ ወንድሜ እኮ ግራኝ ነው! እንጀራው ያለው በግራው ነው።»

«ግራኝ ከሆነማ ውሉም ይፈቅዳል፤ ቁጥሩ ይገለበጣል። ግን መረጋገጥ አለበት። እሳቸው ቅጹን የፈረሙት በቀኛቸው ነው፤ ፊቴ።»

«በግራው በጻፈ ቁጥር አስተማሪው በአርጩሜ ሲገርፈው ነዋ ያደገው! በቀኙ የሚችለው መጻፍ ብቻ ነው።»

«አርጩሜ ማኅተም የለውም፣ እትዬ። ከአሠሪው ደብዳቤ አምጡ።»

እንግዲህ ፍርዱን እዩት። ትምህርት ቤት ግራኝነቱን ገርፎ ደበቀው፤ መድን ድርጅቱ ደግሞ የተደበቀውን «የታለ?» ይለዋል። የገረፈውን የጠየቀ የለም፤ አስረዳ የሚባለው የተገረፈው ነው።

አናጺው በማግስቱ ወደ እንጨት ሥራ ድርጅቱ ሄደ። አለቃው ገና ከሩቁ እጁን ዘረጋ።

«ግራኙ! እንኳን ተረፍክልን!»

«ይህንኑ ጻፍልኝ፣ ጋሼ። ግራኝ ነው ብለህ።»

የአለቃው ፈገግታ ከሰመ። ወደ ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«መጻፉስ ቀላል ነበር። አምና ያስገባሃት ማመልከቻ... ግልባጯ አንተ ጋ አለች?»

አናጺው ረስቷት ነበር። የኤሌክትሪክ መጋዙ ማቆሚያ ቁልፍ በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ በግራው ለሚሠራ ሰው በድንገት አይደረስበትምና ወደ ግራ ይዛወርልኝ ብሎ የጻፋት ናት። አለቃው ኅዳጓ ላይ «ለአንድ ግራኝ ተብሎ ማሽን አይፈታም» ብሎ ፈርሞባታል፤ ማኅተምም አርፎባታል።

«አለች» አለ አናጺው ቀስ ብሎ።

«እሷን አምጣልኝና ደብዳቤውን አሁኑኑ ላትምልህ። ወረቀት በወረቀት።»

«የአደጋው ምክንያት ምንድን ነው ብለህ ነው ሪፖርት ያደረግከው፣ ጋሼ?»

«ያው... የሠራተኛው ቸልተኝነት። ሁሌም እንደዚያ ነው የሚሞላው። ፎርም እኮ ነው፣ ሆድህ አይባስ።»

ሆዱ ግን ባሰ። ጣቶቹ ሄደዋል፤ አሁን ደግሞ ስሙን አምጣ እየተባለ ነው። ደብዳቤውን ቢወስድ ሠላሳ አምስት በመቶ ያገኛል፤ ጣቶቹን በገዛ እጁ ያስበላ ዝርክርክ ተብሎ ግን ዕድሜ ልኩን ይኖራል። በመስኮቱ በኩል መጋዙን አየው። ደሙ ታጥቧል፣ ሌላ ሰው ቆሞበታል፤ ቁልፉ ግን የነበረበት ነው።

«ደብዳቤህ ይቅርብኝ» ብሎ ወጣ።

እህቱ የሰማች ዕለት «አበጀህ! እሱ ደንግጦ ባያስታውስህ ኖሮ እኮ ማስረጃህን ሣጥን ውስጥ ብል ይበላልህ ነበር» አለችው።

ማመልከቻዋን ይዘው ተመለሱ። የካሳ ክፍሉ ወረፋ እስከ በሩ ሞልቷል። ጸሐፊው ወረቀቷን አነበበ፣ ማኅተሟን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየ፤ ከዚያ ሃያ አምስቱን ሰረዘ።

«በቃ፣ ተረጋግጧል። ሠላሳ አምስት በመቶ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ ማቆሚያ ቁልፉ የሚለው ግን ከአሠሪው ጋር ያነካካችኋል። ‹ግራኝ በመሆኔ› የሚለውን መስመር ብቻ ኮፒ ላድርገው?»

እህትየው አፏን ስትከፍት አናጺው በጤነኛ እጁ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«የአደጋው ምክንያት በሚለው ቦታ ‹ቸልተኝነት› ተብሏል አይደል? እዚያው ላይ ሙሉውን አያይዘው፣ ወንድሜ። አስቀድመህ ግን አንብበው። ጮክ ብለህ።»

«እዚህ? በሰው ፊት?»

«ስሜስ የጠፋው በሰው ፊት አይደል?»

የተሰለፉት ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። አለቃው በእጁ የጻፈው ጋ ሲደርስ ድምፁ ሟሸሸ።

«ከፍ አድርገው» አለ አናጺው።