አምስት የሚባለው አንድ ዕቃ

«አራቱስ?» አለ ይታየው።

ፀደንያ ካርቶኑን ከፍታ ነጩን ዕቃ ከነላስቲኩ ጌም ቤቷ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ አቁማ የአባቷን ፊት እያየች ነበር። ከአዲስ አበባ ዘመሮ እስክትገባ መንገዱን ሙሉ ጭኗ ላይ አቅፋው ነው የመጣችው። «እሰይ» ይለኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። እሱ ቢቀር እንኳ «እንኳን በሰላም ገባሽ» አይጠፋም።

«የትኞቹ አራት፣ አባባ?»

«የቀሩት ናቸዋ። መኪናው ላይ ናቸው? ሰማዩ ከብዷል፤ ሳይዘንብባቸው ላውርድልሽ።»

«የቀረ የለም። የገዛሁት ይኼንን ነው።»

ይታየው ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን አየ። ገመድና ወረቀት ብቻ ነው ያለው። ቀና ብሎ ደግሞ ልጁን አየ።

«ተዘርፈሽ ከሆነ ንገሪኝ። አልቆጣም።»

«ኧረ አልተዘረፍኩም።»

«አምስት ብለሽኝ አልነበር?»

ፀደንያ አፏን በእጇ ያዘች። ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። «አምስት ስሙ ነው፣ አባባ። ፕሌስቴሽን አምስት ነው የሚባለው። መጀመሪያ አንድ ወጣ፣ ከዚያ ሁለት እያለ እየተሻሻለ አምስት ላይ ደረሰ እንጂ ቁጥሩ የዕቃው ብዛት አይደለም።»

«ሦስቱ አረጁብኝ ያልሽኝስ?»

«ሦስቱ አረጀብኝ ነው ያልኩት። ያም ሦስት የሚባል አንድ ዕቃ ነው።»

«ሦስት ሆኖ አንድ የሚሆነው ሥላሴ ብቻ ነው» አለ ይታየው። «ለዕቃ ሲነገር ዛሬ ገና ሰማሁ።»

ሌላ ሰው ቢለው ያስቅ ነበር። ይታየው ግን የሥላሴ ማኅበርተኛ ነው፣ በዚህ አይቀልድም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን አወለቀ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሱም ነበር። ፀደንያ በውሃ ምህንድስና ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ጠብቃ ሲያቅታት ዘመሮ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ጌም ቤት ከፈተች። ዩኒቨርሲቲ አብራት ከነበረች ልጅ አሮጌ ማሽን ገዝታ፣ በየጨዋታው እያስከፈለች የቤቷን ኪራይ ትችል ነበር። ይታየው ከዛሬ በፊት ወደ ውስጥ ዘልቆ አያውቅም። የነፍስ አባቱ ስለ ጨዋታ ቤት አንድ እሑድ ያስተማሩትን ትምህርት ለልጁ ሲል ባይነግራትም፣ ለራሱ ሲል ደጃፉን አላለፈም። በገበያ ቀን ከውጪ «እንዴት ዋልሽ» ብሏት ይሄዳል። ቀድሞ ቢገባ ኖሮ ማሽኑን ቆጥሮ አንድ መሆኑን ያውቅ ነበር።

አሮጌው ማሽን ደግሞ እየከዳት መጣ። እየሞቀ ይጠፋል። ውስጡ ያሉት ኳስ ተጫዋቾች ጫማ ከሰቀሉ ዓመታት ሆኗቸዋል፣ ልጆቹም «የሽማግሌ ቡድን» እያሉ ይቀልዱባታል። አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ። በጾሙ መካከል መጥታ «ፕሌስቴሽን አምስት ካልገዛሁ እዘጋለሁ፣ አባባ» ብላ አለቀሰች። ይታየው ልጁ ስታለቅስ ያየው ስትመረቅና ያን ቀን ነው። አዳሩን አሰበበት። በአምስት ማሽን ላይ ሁለት ሁለት ሰው ቢቀመጥ አሥር ሰው ነው፤ በሬ ቢሸጥም እስከ መስከረም ይመለሳል። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን፣ ቦራን፣ ነድቶ ቀየት ገበያ ወረደና ሸጠው።

«ለአንዱ ነው ይኼ ሁሉ ብር?» አለ አሁን።

«ሲወጣ እንዲህ አልነበረም። በየጊዜው ይጨምራል።»

«ዕቃ እኮ ሲቆይ ይረክሳል።»

«ይኼኛው ሲቆይ ነው የሚወደደው። ዶላሩ ይወጣል፣ የሚሠሩትም ራሳቸው ይጨምሩበታል። ጨዋታው ደግሞ ለብቻው ይሸጣል።»

«ውስጡ የለም?»

«ባዶውን ነው የሚሰጡት። አንድ የኳስ ጨዋታ ገዝቻለሁ።» ዲስኩን አሳየችው።

ይታየው ተቀብሎ አገላበጠው። «ይኼስ ስንት ነው?»

«የደህና በግ ዋጋ።»

እንደ ሰፌድ ክብ ይሁን እንጂ ከምላጭ የማይወፍር ነገር ነው። ጠርዙን ይዞ ቀስ ብሎ መለሰላት። ከዚያ ዓይኑ በእጅ ተይዞ ጨዋታው የሚመራበት ጆይስቲክ ላይ አረፈ።

«ኳሱ በሁለት ሰው አይደል የሚጫወቱት?»

«አዎ።»

«መያዣው ግን አንድ ነው።»

ፀደንያ አንገቷን ደፋች። «ሁለተኛው ለብቻው ይገዛል። የአሮጌው አይሠራበትም፤ ብሩ ደግሞ አልደረሰልኝም።»

ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። ማሳው ሁለተኛ እርሻ ይጠብቃል፤ ገብስ የሚዘራበት ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። በረት ውስጥ ያለው ዳልቻ ብቻ ነው፣ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

«ልሽጠው፣ አባባ» አለች ፀደንያ። «ዋጋው ስለጨመረ የሚገዛኝ አላጣም። ብሩን ይዘው ቦራን ይመልሱ።»

ቦራን የገዛው ነጋዴ ለፋሲካ እርድ ነበር የሚሰበስበው። ይኼን እሷም ታውቃለች፤ ቦራ መታረዱ ትዝ ያላት ግን ከአፏ ካወጣችው በኋላ ነው።

«ቦራ ሁለት ጊዜ አይሸጥም» አለ ይታየው። «ይቀመጥ።»

ፀደንያ ዓይኗን ጠርጋ ስልኳን አወጣች። ቀየት ውስጥ ጌም ቤት የነበረው ምንተስኖት የሚባል ወጣት አለ። መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ እንደዚሁ አምስት የሚባለውን ማሽኑን አቃጥሎበት ነው የዘጋው። ድምፁን ከፍታ ደወለችለት።

«ምንቴ፣ ያ ጆይስቲክህ አለ?»

«አለ። ልጄ ጥርስ እያወጣችበት ነው።»

«ይሠራል?»

«ከልጄ አፍ ካወጣሁት ይሠራል።»

«እኔ ማሽኑን ይዤ መጥቻለሁ፣ ጆይስቲክ የለኝም። ሳምንቱን እኩል እንካፈል። በእኔ ቀን ጆይስቲክህ እዚህ ይመጣል፣ በአንተ ቀን ማሽኔ ቀየት ይወርዳል።»

ምንተስኖት ትንሽ አሰበ። «የገበያ ቀናችንን ለእኔ ተዪልኝ።»

«የእኛንስ ለእኔ?»

«በቃ። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ።»

ዘጋች። ከቡና ስኒ መታጠብ ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። ይታየው ልጁን እንደ እንግዳ ሰው አያት።

«አላፈርሽም?»

«ምኑ ያሳፍራል? መቀናጆ ነው እኮ።»

መቀናጆ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጋር ጥማድ ገጥሞ፣ አንድ ቀን ለአንዱ አንድ ቀን ለሌላው የሚያርስበት ነው። ነውር የለበትም፤ አገሩ ግማሹ የሚኖረው በዚህ ነው። ይታየው ግን ትዳር ከያዘ ጀምሮ በራሱ ጥማድ ነው ያረሰው፣ ይኼንንም ሳይጠይቁት ይናገር ነበር። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ማሳው ከእሱ ማሳ የሚዋሰነው መልከ ጼዴቅ በሬ ሞቶበት አንድ ሲቀረው ለጥቂት ቀን ቦራን ጠይቆት ነበር። «ቦራ ከሰው በሬ ጋር መሄድ አይወድም» ብሎ ይታየው መለሰው። መልከ ጼዴቅም «እሺ» ብሎ ሄደ፤ ዳግመኛ አልጠየቀም።

ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለጌታነሽ ሁሉን ነገራት።

«አንቺስ አምስት ስትል ምን መስሎሽ ነበር?»

«እኔማ በአምስት ቀን የሚደርስ መስሎኝ» አለች ጌታነሽ። ራቱን አቀረበችለት፤ ብዙ አልበላም።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። የመልከ ጼዴቅ ቤት ቅርብ ነው፤ እሱ ግን በላይኛው መንገድ ዞሮ፣ የሰውን አጥር ሁሉ አይቶ ነው የደረሰው። መልከ ጼዴቅ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጅራፍ ይገምዳል።

«ግባ፣ ብርድ ነው።»

«እዚሁ ይበቃኛል።» ይታየው እንደቆመ ጋራውን አየ። «የትናንቱ ዝናብ ደህና አርጥቧል።»

«አርጥቧል።»

«ማሳህን ደገምከው?»

«በምን?» አለ መልከ ጼዴቅ እጁን ሳያቆም።

ይታየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቦራን ሸጥኩት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ዕቃው አምስት ነው ብዬ ነበር።»

«እሱንም ሰምቻለሁ።»

ጠፍሩ በመልከ ጼዴቅ ጣቶች መካከል ይገባል፣ ይወጣል። ይታየው ጋቢውን አንድ ጊዜ ወደ ትከሻው መለሰ፣ ደግሞ አወረደ። ሌሊቱን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ የቱ ጋ እንደሚጀምር ጠፋበት።

«እንቀናጅ ወይ ልልህ ነው የመጣሁት» አለ በመጨረሻ።

መልከ ጼዴቅ ጅራፉን ጥቂት ገመደ።

«የቀረህ ዳልቻ ነው?»

«ዳልቻ ነው።»

«ዳልቻ ግራ ነው የሚጠመደው።»

«ግራ ነው።»

«የእኔም ግራ ነው።»

በግራ የለመደ በሬ በቀኝ ሲጠምዱት ይገፋል፣ ትልሙን ይስታል፣ አንዳንዱም ቀንበሩን ይዞ ይተኛል። ሁለቱም ይኼን ሲያውቁ ነው የኖሩት። ከሁለት አንዱ ቦታውን መልቀቅ አለበት፤ የማን በሬ እንደሚለቅ ደግሞ ለመጠየቅ የመጣው ያውቀዋል።

«ዳልቻ ወደ ቀኝ ይዙር» አለ ይታየው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እስኪለምደው ስንት ቀን የሚፈጅበት ይመስልሃል?»

መልከ ጼዴቅ የጅራፉን ጫፍ በጥርሱ አጥብቆ ቋጠረና ቀና ብሎ አየው።

«ዳልቻን ነው ወይስ አንተን?»