ረጅሟ ቆማለች

ሚስቴ የወለደችውን ልጃችንን ልታርስ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ፣ ለሦስት ወር ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ረጅሟን በወር አንድ ጊዜ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ከዚያ በላይ እንዳትነካት!»

ረጅሟ የሳሎናችን ጥግ ላይ የቆመች ቁልቋል ናት። ጣሪያውን ለመንካት አንድ ስንዝር ነበር የቀራት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የሚስቴ ታናሽ እህት ጣት የምታክል ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችላት። እህትየው ቁመቷ ለጉድ ስለነበር ቤተሰቡ በሙሉ «ረጅሟ» ነበር የሚላት። እሷ ስትሞት ስሟን ቁልቋሏ ወረሰች። ሚስቴ ከእህቷ የቀራት ይህችው ናት፤ ፎቶዎቹ ላይ እንኳ ሁልጊዜ ከኋላ ስለሚያቆሟት ከግንባሯ በቀር ብዙም አይታይም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራውም ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ሻይ ስጠጣ ረጅሟ ፊት ለፊቴ ደርቃ ቆማ ትታየኛለች። እንግዳ አስጠምቼ የምጠጣ መሰለኝ። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሷ ማለት ጀመርኩ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ግንዷን ከሥር ብነካው ጣቴ ገባ። ሽታውን አልነግራችሁም።

ችግኝ ሻጩ ጋ ሮጥኩ። ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አሁን እሷን ከሥሯ ማዳን አይቻልም» አለኝ። «ጤነኛውን ቆራርጠህ አትርፍ። የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይንህን እንዳይነካህ። ቁራጮቹን ጥላ ላይ አጋድመህ አሥር ቀን አድርቃቸው። ቁስሉ ሲደፈን ደረቅ አሸዋማ አፈር ላይ ትከል። ከዚያ ደግሞ ለሳምንት ውሃ የለም።»

«ለሞት የተቃረበን ነገር ቆራርጬ፣ አድርቄ፣ ካስጠማሁት በኋላ ይድናል ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

ግራ ተጋብቼ ተመለስኩ። በማጠጣቴ ገደልኳት፤ አሁን ደግሞ ባለማጠጣት ላድናት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሲጠብብ አስፍቼ፣ ሲሰፋ አጥብቤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ግን አላውቅም።

እንዳጋጣሚ እሁድ ነበር፤ ሚስቴ ሁልጊዜ እሁድ ትደውላለች። የልጅ ልጃችንን ጡት አጠባብ ነግራኝ ስታበቃ የማይቀረውን ጠየቀች።

«ረጅሟ እንዴት ናት?»

«ቆማለች» አልኳት።

ውሸት ነው እንዳትሉኝ። ቆማ ነበር፤ ከመጋረጃው ብረት ጋር በገበርዲን ጨርቅ ቁራጭ አስሬያት።

በማግስቱ አሥር ጊዜ ለክቼ አንድ ጊዜ ቆረጥኩ። ቢላዋው ሲያልፍ ወተቱ ተንዠቀዠቀ። ከበሰበሰው በላይ ያለው ጤነኛ አካሏ ሦስት ቁራጭ ወጣው። ከመቁረጤ በፊት በእያንዳንዱ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በጠመኔ ሠርቼ ነበር። ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆንኩ አያችሁ?

ከዚያ ቁራጮቹን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አጋደምኳቸው። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የቆጠበ እጅ ቦታ ማባከን አያውቅም፤ እንደ ሱሪ ቅድ አንዱን ሽቅብ፣ አንዱን ቁልቁል አድርጌ አገጣጠምኳቸው። ሥራዬን ሳይ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ እጄ ብሩሹን አነሳ። ጠመኔ ልብስ ላይ መተው ነውር ነው ብሎ ያሠለጠነኝ ጌታዬ በጥፊ አስተምሮኛል። አንድ በአንድ አጽድቼ፣ አቧራውን እፍ ብዬ ሄድኩ። ቀስቶቹን እንዳጠፋሁ እንኳ አልታወቀኝም።

በሦስተኛው ቀን የሠርግ ቀሚስ የምታሰፋ ደንበኛ መጣችና ጠረጴዛውን ፈለግኩት። ቁራጮቹን አንስቼ ወንበር ላይ፣ ከወንበር ቁም ሣጥን ላይ አዛወርኳቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን ማሰሮዎቹን አሰልፌ፣ አሸዋውን ሞልቼ፣ ቁራጮቹን ሳነሳ ነው የነቃሁት።

አንደኛዋ ያልተቆረጠ ጫፍ ስላላት አላስቸገረችኝም። ሁለተኛዋም ሽቅብ የወጣች ቅርንጫፍ ነበረቻት። ሦስተኛዋ ግን ከዚህም ተቆርጣለች፣ ከዚያም ተቆርጣለች፤ ሁለቱም ቁስል ደርቆ አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኗል። ሜትሬን አውጥቼ ውፍረቷን ለካሁ፤ ሁለቱም ጫፍ እኩል ነው። አቆምኳት። ገለበጥኳት። ተቀምጬ አየኋት። ቆሜ አየኋት። በየትኛውም በኩል ስትቆም ትክክል ትመስላለች፤ በየትኛውም በኩል ስትቆም ደግሞ ስህተት ትመስላለች። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ተከልኳት።

ሦስቱን ረጅሟ መስኮት ሥር ትቆም በነበረችበት ጥግ ደረደርኳቸው። በሳምንቱ የሠርጉን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ልንገራት? አራስ ቤት ያለችን ሴት ላስደነግጥ? አልንገራት? ስትመጣስ? እሁድ በመጣ ቁጥር ስልኩ ይጮሃል፣ እሷ ትጠይቃለች፣ እኔም «ቆማለች» እላለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ለእኛ ለልብስ ሰፊዎች የተነገረ ይመስለኛል።

ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። ጥጉን አየች። ወገብ የማይደርሱ ሦስት እንጨቶች ቆመዋል።

«ረጅሟስ?»

«እነዚህ ናቸው። በሰበሰችብኝ። ውሃ አበዛሁባት።»

«መቼ?»

«በአምስተኛው ሳምንት።»

ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«ይኸው ሁለተኛህ ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የእህቷ ባል እዚሁ ቤት ደውሎልኝ ነበር። «ብሶባታል፣ ቶሎ ትምጣ» አለኝ። ሚስቴ ያን ጊዜ ከቀዶ ጥገና ከወጣች ሳምንቷ ነበር። ማን እንደደወለ ስትጠይቀኝ፣ «እህትሽ ተሽሏታል፣ ተነስታ ቆማለች» አልኳት። ጥቂት ታገግምና ትሄዳለች ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን መርዶ መጣ። በዚያ ነገር አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ረስታዋለች ብዬ ነበር።

«አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ...»

«ያኔም እንዲሁ ነው ያልከኝ።»

ተነስታ ማሰሮዎቹ ፊት ተንበረከከች። የመጀመሪያዋን ቀስ ብላ ሳበቻት፤ አልነቃነቅም አለች፤ ሥር ይዛለች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ ስትነካ ተወዛወዘች።

«ይህችስ?»

«ይዛለች» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት።

«አላውቅም» አልኳት። «ላይዋን ከታቿ መለየት አቅቶኝ በግምት ነው የተከልኳት። ምልክቱን ራሴ ነኝ ያጠፋሁት።»

ዞር ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

«ከፈይ ስትቆርጥ ላዩን በምንድን ነው የምታውቀው?»

«በመዳፌ። ስዳብሰው በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል።»

እጄን ይዛ የግንዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ከታች ወደ ላይ ስዳብስ ጠርዙ ላይ ያሉት ትናንሽ የእሾህ ጥርሶች ቆዳዬን ያዙት። ከላይ ወደ ታች ስመለስ ሸርተት አለልኝ። የሁለቱ ጥርሶች ሽቅብ ሲያዩ፣ የዚህችኛዋ በሙሉ ወደ አፈሩ ነው የሚያዩት። አንድ ወር ተኩል ሙሉ በጭንቅላቷ ተክዬያታለሁ። ሠላሳ ዓመት ከፈይ ሰፍቼ ይህ አልመጣልኝም።

ነቀልናት። አንድም ሥር የለም፤ አፈር ውስጥ የነበረው ጫፍ ተጨማትሯል። ሚስቴ ጭኗ ላይ አስተኛቻት።

«ብንገለብጣት ትድናለች?»

«አላውቅም።»

ቁስሉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ያኔም እንዲህ ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ እደርስላት ነበር» አለች።

ቢላዋውንና ጠመኔውን አመጣሁላት። የተጨማተረውን ጫፍ እኔ ቆረጥኩ፤ ቀስቱን እሷ ሠራችው።