ሽማግሌ የተላከለት ገጽ

የወይንሐረግ ቅዳሜ ጠዋት ገና ቁርስ ሳትቀምስ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ ከፊት አከራይዋ ኦቦ ገርባ፣ ከኋላ የዕድሩ ዳኛና አንድ የማታውቃቸው ቄስ። በላጤ ሴት በር ላይ ሽማግሌ ሲቆም ሌላ ምን ይታሰባል? ማን ይሆን የላካቸው ብላ የምታውቃቸውን የሰበታ ወንዶች በሐሳቧ አሰለፈቻቸው። ደስ የሚል አንድም አልነበረም።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" አሉ ኦቦ ገርባ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።"

"እሺ ሳትይን አንቀመጥም" አሉ ቄሱ። "ፕሮፌሰር ብዙነህን ይቅር በያቸው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይንሐረግ አዲስ አበባ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች፤ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ያለ ደመወዝ በኢንተርኔት የሚነበበውን የአማርኛ ኢንሳይክሎፒዲያ ታርማለች። ማንም ተነስቶ ለአክስቱ ልጅ ገጽ በሚከፍትበት ዘመን የሚገባውን ከማይገባው የሚለይ ሰው ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ በአድልዎ አትታማም። ዘፋኝ፣ ሰባኪ፣ ባለሀብት ሳትል ስታሰርዝ ኖራለች። ሰሞኑን ያጋጠማት የፕሮፌሰር ብዙነህ ገጽ ነበር። በሱሉልታ ሜዳ ስለሚበቅለው ሣርና ስለ ከብት መኖ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑ ጡረተኛ ምሁር ናቸው። ደንቡ አጭር ነው፦ ሰው ራሱ የጻፈው አይቆጠርለትም፤ ሌሎች ሥራውን ጠቅሰው ሊጠቀሙበት ይገባል። ማስረጃ ከልቧ ፈለገች። ከራሳቸው ጽሑፎች ውጭ ስማቸውን ያነሳ አንድ ሰው አጣች። ስለዚህ "ይጥፋ" ብላ ለውይይት አቀረበችው፤ እንደ ልማዷ በእውነተኛ ስሟ፣ የሰበታ ነዋሪ መሆኗንም ሳትደብቅ። የፕሮፌሰሩ ባለቤት ወይዘሮ የሺወርቅ ይህን ሲያዩ ሰበታ የሚኖሩትን የድሮ ወዳጃቸውን ኦቦ ገርባን አስታወሱ። ሰበታ ውስጥ ስንት የወይንሐረግ አለች?

"እኔና እሳቸው እኮ ጥል የለንም" አለች። "አይቻቸውም አላውቅ።"

"ጥል ከሌለ ስማቸውን ለምን ታጠፊያለሽ?" አሉ የዕድሩ ዳኛ።

ስለ ደንቡ ታስረዳ ጀመር። በትዕግሥት ሰሟት፤ ሰምተውም እንደቆሙ ቀሩ። ኦቦ ገርባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የበሩን መቃን ይዘዋል።

"ልጄ፣ እኔ ኢንተርኔት አላውቅም" አሉ። "ሰውየው ግን እህል አልቀምስ ብለዋል። ገጹ ቢቀመጥ አንቺ ምን ይጎድልብሻል?"

ይሉኝታ የሚሉት ነገር ደንብ አያውቅም። አባቷ የሚሆኑ ሰዎች በር ላይ ቆመው እሷ ስለ ማስረጃ ስታወራ ራሷን ታዘበች። "እሺ" አለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ገብተው ተቀመጡ፣ መረቋት፣ ሻይዋን ጠጥተው ሄዱ።

ከሰዓት ኮምፒውተሯን ከፈተች። ለሽማግሌ ስል ትቼዋለሁ ተብሎ አይጻፍ ነገር። "ተሳስቼ ነበር፤ ሥራቸውን የተጠቀሙ የውጭ አገር ተመራማሪዎች አግኝቻለሁ፤ ይቆይ" ብላ ጻፈች። ትንሽ እንኳ አላመነታችም፤ በኋላ ይበልጥ ያሳፈራት ይህ ነው። ሌላ ሰው ቢጽፈው "የታለ ማስረጃው?" ይባል ነበር። ያንን ጥያቄ ዘወትር የምትጠይቀው ግን እሷ ራሷ ነበረች። አምነዋት ሁሉም ተከተሏት፤ ገጹም ተረፈ።

በሳምንቱ እሑድ ሱሉልታ ፕሮፌሰሩ ቤት ምሳ ተጠራች። መቅረቱም መሄዱም አሳፈራት፤ ኦቦ ገርባ አብረን እንሂድ ሲሏት ግን እምቢ የምትልበት አፍ አልነበራትም። ወይዘሮ የሺወርቅ በር ላይ አቅፈው ሳሟትና በጆሮዋ "እሳቸው ሽማግሌ መላኬን አያውቁም፤ አደራሽን" አሏት።

ፕሮፌሰሩ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ለእሷ ሲሉ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። አጠገባቸው አስቀመጧት፤ መነጽራቸውን አደረጉና ብዕርና ወረቀት አወጡ።

"የጻፍሽውን ሁሉ አንብቤያለሁ" አሉ። "መጀመሪያ ይጥፋ ስትይ ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ሳስበው እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። እንዲህ ያለች ሰው ሐሳቧን የቀየረችው ትልቅ ነገር ብታገኝ ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ኬንያ ይሁን ሕንድ፣ አንድ ሰው እንኳ ሥራዬን አንብቦ ተጠቅሞበት ይሆን እያልኩ ስንት ዘመን ፈለግሁ መሰለሽ። አጣሁ። አንቺ የት አገኘሽው? የአንዱን ስም ብቻ ንገሪኝ፤ እጽፍለታለሁ።"

ወይዘሮ የሺወርቅ የእጅ ማስታጠቢያ እንደያዙ ጓዳው በር ላይ ደርቀው ቀሩ። ኦቦ ገርባ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ አንድ የሕንድ ስም ብትፈጥር ማን ይጠይቃታል? አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰውየው እውነትም ይጽፋሉ፤ ጽፈውም መልስ ሲጠብቁ ይኖራሉ።

"የለም፣ ፕሮፌሰር" አለች። "አላገኘሁም። ዋሽቼ ነው።"

"ለምን ብለሽ?"

"ሽማግሌ ተላከብኝ።"

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ሚስታቸውን፣ ቀጥሎ ኦቦ ገርባን አዩ። የብዕሩን ክዳን ቀስ ብለው መለሱት።

"መጀመሪያ የጻፍሽው ፍርድ ነበር" አሉ። "እሱን እችለው ነበር። አሁን ግን ተለምኖልኛል።"

የወይንሐረግ እንባዋ መጣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። "አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ፤ እውነቱን እጽፋለሁ" ብላ ስልኳን አወጣች።

"ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ሽማግሌ ላኩብኝ ብለሽ?"

ብትጽፈው እሳቸውን ታዋርዳለች፤ ብትተወው ውሸቷ በስማቸው ላይ ይኖራል። ስልኩን ይዛ አቀረቀረች።

ፕሮፌሰሩ ተነሱ። የእጅ ማስታጠቢያውን ከሚስታቸው እጅ ተቀበሉና እንግዳ ናትና ከእሷ ጀመሩ።

"በይ ታጠቢ፤ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ" አሉ።

አንቱ የምትላቸው ሰው ጎንበስ ብለው ውሃ ሲያፈሱላት እጇን ዘረጋች። ቀና ብላ ግን ልታያቸው አልቻለችም።