የጉጠቱ ብረት

የ፲፱፻፸፯ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ በመካነ ሰላም ከተማ ባዮሎጂ የሚያስተምረው አስፋው ቢተው ኢንዛይምን በአንጥረኛ ጉጠት መስሎ አስረዳ። ሥጋም ይሁን እንቁላል፣ ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ እንዳለ ወደ ደም አይገባም። ጉጠቱ፣ ለቀለበቷ ልክ ሆኖ በተቀረጸ አፉ፣ ሰንሰለቱን ይነክሳል፤ አጥብቆ ይይዛል፤ ይበጥሳል። ከዚያም ለቆ፣ ከራሱ አንዳች ሳይጎድል፣ ወደ ቀጣዩ ቀለበት ያልፋል።

«ጉጠቱስ ራሱ ከምን ተሠራ፣ ቲቸር?» አለች አመለወርቅ የምትባል ተማሪ ከኋላ ወንበር።

«ከፕሮቲን» አላት ጠመኔውን ከእጁ እያራገፈ። «ብረትን ብረት ይቆርጠዋል።» ክፍሉ ሳቀ፤ ደወሉም ተደወለ።

ቤቱ ሲደርስ አባቱን፣ መሪጌታ ቢተውን፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ዕድሜያቸውን በብራና ፋቂነት የገፉት ሽማግሌ ከአባይ በረሃ አፋፍ ተነሥተው፣ በዱላ እየተደገፉ ሁለት ቀን ተጉዘዋል። ፊታቸው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል፤ እግራቸው ግን አብጦ፣ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ አይመለስም። አስፋው ደነገጠ፤ ከድንጋጤው ይልቅ ኀፍረቱ ከበደው። ባለፈው ክረምት በመምህራኑ የውይይት ክበብ «ረሀብ ገባ የሚለው የአድኃሪያን አሉባልታ ነው» ሲባል፣ አምኖ ይሁን ፈርቶ እስከ ዛሬ ለይቶ አያውቅም፣ ዝም ብሎ አጨብጭቦ ነበር።

«ምን ታፈጣለህ?» አሉ ሽማግሌው እግራቸውን እያሳዩት። «ቆዳ ከቀኑ አልፎ ሲዘፈዘፍ ምን እንደሚሆን ስታይ አላደግህም? ራሱን ይበላል።»

«አባ፣ እንቁላል ይበላሉ። አሁኑኑ።»

«በሁዳዴ? መንግሥትህ መሬቱን ወርሶ ጾሙ ቀረው እንዴ?»

የቤቱ አከራይ ወይዘሮ ሸዋረግ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አስፋው ግን አልሳቀም። እናቱን በልጅነቱ አጥቷል፤ ከዘር የቀሩት እኒህ ብቻ ናቸው። ሮጦ የሰፈሩን ንስሐ አባት፣ አባ ወልደሩፋኤልን፣ አመጣቸው፤ እሳቸውም ሽማግሌውን አንዴ አይተው «ድውይ ጾም የለበትም፤ ይብሉ፣ ፈትቼያለሁ» ብለው ወጡ።

«እንግዲያስ እሺ» አሉ መሪጌታ። «ግን እንደ ፋሲካው በተልባ አስጀምረኝ። የጾመ ሆድ በድንገት አይደፈርም።»

«ተልባ አለኝ፤ ልውቀጥላቸው?» አለች ሸዋረግ ብድግ ብላ።

«ተዪው፣ እትዬ። በውሃ ሆዳቸውን ሞልተን ልንቀብራቸው ነው? የሚያስፈልጋቸው ፕሮቲን ነው።»

መሪጌታ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «የተማረው አንተ ነህ» አሉና ነገሩን ለእሱ ተዉለት።

ከጎረቤት ከነዘሊካ ቤት የመጣውን ስድስት እንቁላል በቅቤ አስጠብሶ፣ በገዛ እጁ አጎረሳቸው። ፊታቸውን ሲያዞሩ «በሞቴ፣ አባ፣ ይቺን ብቻ» ይላል፤ የልጅ ጉርሻ አይመለስምና ይውጣሉ። የመጨረሻዋን ሲውጡ አስፋው እፎይ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። የበሉት እንቁላል፣ ነጩ እንደ ነጭነቱ፣ እንዳለ ወጣ። ልባቸው ደግሞ አንዴ ይሮጣል፤ አንዴ የጠፋ ይመስላል። አስፋው በተፈናቃዮች መጠለያ የሚሠራውን ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱን ጠሃን፣ እየጎተተ አመጣው።

«ምን አበላሃቸው?»

«እንቁላል። ስድስት።»

«ያ አሏህ! አንተ የቀለም ሰው!» ጠሃ ቦርሳውን መሬት ላይ ጣለው። «እዚያ መጠለያ ደግ አሳቢዎች ለተራቡት በሬ ያረዱላቸው ለት፣ ስንቱን እንደቀበርን አልሰማህም? እኛ ወተቱን እንኳ አቅጥነን፣ በሲኒ፣ በሲኒ ነው የምንሰጥ!»

አስፋው የአመለወርቅ ጥያቄ ትዝ አለው። «ከፕሮቲን» ብሎ የመለሰው እሱ ራሱ አልነበረም? ወራት የተራበ ገላ ስቡን ሲጨርስ ጡንቻውን ያቀልጣል፤ ብረት ያልገባላት የአንጥረኛ ቤትም አዲስ ጉጠት አታወጣም። ያ ሁሉ ሰንሰለት የወረደው የሚነክሰው አፍ ወደሌለበት ባዶ ቤት ነው። ትናንት ለሠላሳ ተማሪዎች ያስተማረውን፣ ለአንድ አባቱ ሳያስታውሰው ቀረ።

«አብሽር» አለው ጠሃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ቀጭን ነገር በማንኪያ እንሞክር። ምን አለ ቤት ውስጥ?»

ሸዋረግ የተጠለለ የተልባ ውሃ ይዛ ገባች። ሦስት ማንኪያ ወረደላቸው። «መጣ፣ ተልባው» አሉ መሪጌታ፣ ፈገግ ሊሉ ቃጥቷቸው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፉ።

ከፍትሐቱ በፊት አባ ወልደሩፋኤል አስፋውን ከሰው ነጥለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ወሰዱት። ስለ ተሻረው ጾም ሊወቅሱት መስሎት አንገቱን ደፋ።

«ጾሙን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ የሚጠየቅ ቢኖር እኔ ልጠየቅ» አሉ ቄሱ። እሳቸውም ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና ልረፍ። ተልባውን አስቀድመህላቸው ነበር አይደል?»

«አላስቀደምኩም» አለ አስፋው።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወደ አስከሬኑ ተመለሱ።