የዓይን ጾም

ወንድሟ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ሠዓሊቷ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆማ ለጎረቤቷ ለጫማ ሰፊው የማስታወቂያ ሰሌዳ ትጽፋለች። ጥላው ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ዞር ሳትል አወቀችው። እናታቸው የሞተችው እሱን በወለደች በሳምንቱ ነው። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ ሳታድግ ያሳደገችው እሷ ናት። ኮቴውን እንኳ ከሺህ ኮቴ ትለየዋለች።

«እትዬ፣ ሥራ አምጥቼልሻለሁ» አላት።

«የምን ሥራ?»

«የጸሎት ቤቱ ግድግዳ ይለሰናል። ነጭ።»

ብሩሹ እጇ ላይ ቀረ። የትኛው ግድግዳ ብላ አልጠየቀችም። ከተማው ውስጥ ግድግዳ ሲባል አንድ ነው፤ አባታቸው በጎልማሳነታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ የሳሉት የምሥራቁ ግድግዳ።

አባታቸው ግድግዳውን የሳሉበት ዘመን የወጣቶች ዘመን ነበር። አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ከሩቅ አገር ተተርጉማ ገብታ፣ እጅ በእጅ እየተዘዋወረች ጠርዟ ተልጦ ነበር። የመጽሐፏ ነገር ቢጠቀለል «ቅዱሱን ከፈለግህ የጎረቤትህን ፊት እይ» የሚል ነው። ይህን ያነበቡ ሠዓሊዎች እሳት ሆኑ። ቅዱሳኑን በተሸካሚው፣ በልብስ አጣቢዋ፣ በጉድጓድ ቆፋሪው ፊት መሳል ጀመሩ። ያኔ ከተማው ሁለት ሆኖ ተጣላ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ልብስ አጣቢዎቹ፣ ድሮ በር ሥር ቆመው የሚጸልዩት፣ ወደ ፊት መጥተው ከራሳቸው መልክ ሥር መቀመጥ ጀመሩ፤ ተነሡ የሚላቸውም ጠፋ። ተሸካሚውን «አንተ» ይሉት የነበሩ ሰዎች «እርስዎ» አሉት። አባታቸው በሕይወታቸው የሚኮሩባት አንዲት ነገር ይህች ነበረች።

ከላይ በስተቀኝ፣ በር ላይ ቆማ ፋኖስ የያዘችው ሴት ደግሞ እናታቸው ናት። ሥዕሉ ባለቀ በዓመቱ ሞተች። ፎቶግራፍ የሚባል አልነበራትም።

«እማዬም አለችበት» አለች ሠዓሊቷ።

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ትለኛለህ? ልጅ ሆነህ ‹ከፍ አድርጊኝ፣ ልሳማት› እያልክ ወገቤን ስታጎብጠኝ አልነበር?»

«እትዬ፣ ሥዕል እናት አይሆንም» አለ ወንድሟ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነበረበት። «ሌላ ሰው ከያዘው በመዶሻ ነው የሚያወርደው። አንቺ ከሆንሽ ግን በወጉ ትሸፍኝዋለሽ። ለኮሚቴው ስምሽን የሰጠሁት ለዚህ ነው።»

ኮሚቴው የዓይን ጾመኞች ኮሚቴ ነው፤ ሰብሳቢውም እሱ። ይህም ትምህርት እንደ ፊተኛው በመጽሐፍ የመጣ ነው። አንድ ከክፍሉ ወጥቶ የማያውቅ በሽተኛ ሊቅ ጻፈው ይባላል፤ «ፈጣሪ አይታይምና ዓይን ከሥዕል ይጹም» ይላል። ሠዓሊቷ ትምህርቱን ለመጥላት ብዙ ሞክራ አልሆነላትም። ወንድሟ እስከ ሠላሳ ዓመቱ ሰካራም ነበር። ከመጠጥ ቤት ደጅ እየጎተተች አምጥታ፣ ትውከቱን ጠርጋ፣ ጫማውን አውልቃ ያስተኛችው ስንት ቀን ነው! ልመና ያልመለሰውን፣ እስር ያልመለሰውን ያ መጽሐፍ መለሰው። በሰባት ዓመት ውስጥ ጾመኞቹ ዘጠኝ መጠጥ ቤት አዘጉ፤ የማታ ትምህርት ከፍተው ጫማ ሰፊውን ሳይቀር ማንበብ አስተማሩ። እንዲያውም ጫማ ሰፊው ሰሌዳውን ሲያዝዛት «የጫማውን ሥዕል ተይው፣ ፊደል ብቻ ይሁን። ዕድሜ ለወንድምሽ፣ ዛሬ የማያነብ የለም» ነበር ያላት።

ወንድሟ ከሄደ በኋላ ጫማ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ሰማሁ። ምን አሰብሽ?»

«ምን አስባለሁ!»

«‹የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ› ይባል የለ? ግቢበት። ሌላው ሌላው ይቅር፣ ለራስሽ የምትደብቂው አታጪም።»

ቀልዱን ነበር። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስታኝከው ዋለች፤ ሲመሽ ለወንድሟ እሺ ብላ ላከችበት።

ያሰበችው ይህ ነው። ሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት በዱቄት ሙጫ ትለጥፋለች። ከወረቀቱ በላይ ቀጭን የጭቃ ልስን፣ ከዚያ ኖራ። ወረቀቱ መሐል ስላለ ኖራው ቀለሙን አይነካውም። አንድ ቀን፣ በአርባ ይሁን በመቶ ዓመት፣ ሌላ መጽሐፍ ሌላ ነገር ሲል፣ እጁ የማይቸኩል ሰው ልስኑን ቢያነሳ ሰዎቹ ሁሉ እንዳሉ ይገኛሉ። ለኮሚቴው «ልስን ነፋስ ካገኘው ይሰነጠቃል» አለችና መወጣጫውን ዙሪያውን በአንሶላ ጋረደችው። ሙያዋ ነውና ማንም አልተከራከራት።

ሦስት ቀን ሠራች። ከተሸካሚው ጀመረች። የዱቄቱ ሙጫ እንደ ሕፃን ገንፎ ይሸታል። ወረቀቱን በመዳፏ ስትዳብሰው የሰውየው አፍንጫ ከሥር ይታወቃታል፤ «ይቅርታ፣ አባቴ» ትለዋለች። ልብስ አጣቢዋን፣ ጉድጓድ ቆፋሪውን፣ ከጎኑ ያሉትን መንትያ ዳቦ ሻጮች እንዲሁ አለበሰች። በሁለተኛው ቀን ግድግዳው እኩሌታ ጭቃ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የቀረችው እናቷ ብቻ ነበረች።

ወረቀቱ ተቆርጧል። ሙጫው ተበጥብጧል። ፊት ለፊቷ ቆመች። ከዚህ በፊት እንዲህ ቀርባ አይታት አታውቅም፤ ከወለሉ ሲያዩዋት ኩሩ የምትመስለው ሴት ከቅርብ የደነገጠች ልጅ ነች። ታችኛው ከንፈሯ ላይ የአባቷ ብሩሽ ተንሸራትቶ እንደገና የታረመበት ቦታ አለ። ሠዓሊቷ ዛሬ ከእናቷ በሃያ ዓመት ትበልጣለች። «አንድ ቀን ብቻ ልያት» አለች ለራሷ። «ነገ በጠዋት መጥቼ እሸፍናታለሁ።» ሙጫውን ከድና ወረደች።

በማግስቱ ስትደርስ አንሶላው ወርዷል። ኮሚቴው ሥራውን ሊያይ በጠዋት መጥቶ ኖሮ፣ ወለሉ በሰው ሞልቷል። ጭቃ በተቀባው ሰፊ ግድግዳ ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ፋኖስ ይዛ ቆማለች።

«የራሳቸውን እናት አስቀሩ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«የሌላው ሰው እናት ይጥፋ፣ ለነሱ እናት ይሰገድ!» ሌላው ተቀበለው።

ወንድሟ ከመወጣጫው ሥር ቆሞ ነበር። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታያል። ሠዓሊቷ ሰዉን ጥሳ አጠገቡ ደረሰች።

«አሁኑኑ እሸፍናታለሁ። ሙጫ… ጭቃው ተዘጋጅቷል። እነሱ እያዩ።»

«መሸፈን አይበቃም እያሉ ነው።»

«እነሱ ይበሉ! አንተስ?»

ዓይኑን ባልዲው አጠገብ ወደተጋደመው የብረት መፋቂያ መለሰ።

«ማሙሽ» አለችው። ከአባቷና ከእሷ በቀር በዚህ ስም የሚጠራው የለም። «ማሙሽ፣ ስትለምነኝ ወደ እሷ አንስቼሃለሁ። አሁን እኔ ልለምንህ።»

«የምጠጣ ጊዜ ሲሰድቡኝ ታግሻለሁ» አለ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ። «አሁን ግን አስመሳይ ካሉኝ አለቀልኝ፣ እትዬ። ነገ እዚያው መጠጥ ቤት በረንዳ ላይ ነው የምታገኚኝ። መፋቂያውን ስጪኝ።»

አልሰጠችውም። ከባልዲው አጠገብ ራሱ አነሳና ወጣ።

መፋቂያው የመጀመሪያውን ድምፅ ሲያሰማ ሠዓሊቷ ጥርሷ ሥር አሸዋ የገባ መሰላት። ቀለሙ እንደ ዱቄት ሸሚዙ ላይ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ዘነበ። ፋኖሱን ፋቀ። እጇን ፋቀ። ጉንጯ ላይ ሲደርስ ክንዱ ቆመ። ከዚያ ፋቀው። ከእናታቸው ጉንጭ ሥር አንድ ነገር አብለጨለጨ። ዓይን ነበር፤ ረዥም፣ ጠርዙ በወርቅ የተከበበ፣ የማንንም ሰው የማይመስል ዓይን። ከአባታቸው በፊት የነበረ ሠዓሊ የሳለው መሆን አለበት። ወለሉ ላይ ከነበሩት አንዲት አሮጊት ሳያስቡት እጅ ነሡ። ወንድሟ አየና እንደተነከሰ ሰው ሆነ። መፋቂያውን በሁለት እጁ ይዞ ያንንም ዓይን መታው፤ ጡቡ እስኪታይ ድረስ መታው።

ሲወርድ ከንፈሩ በእናቱ ቀለም ቡናማ ሆኗል። በእጁ ጀርባ ጠረገውና ሰዉ በከፈተለት መንገድ ወጣ። ያጨበጨበ የለም።

ሠዓሊቷ ሰዉ ሲበተን ብቻዋን ቀረች። የተቦረቦረ ግድግዳ እንዲያው አይተዉትም፤ ጭቃ አቡክታ ደፈነችው፣ ከዚያም ሁሉን በኖራ ለሰነችው። እጇ ሲሠራ አየችው እንጂ የሠራችው እሷ አልመሰላትም።

አባቷ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ምንም አልነገረቻቸውም፤ ግን ልብሷ ኖራ ኖራ ይሸታል፣ ጆሮም አይታሰር። በሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ «ውሰጂኝ» አሉ። ወዴት እንደሆነ አልተናገሩም። ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ጸሎት ቤቱ ባዶ ነበር።

ሽማግሌው ሁለት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቀስ እያሉ ወደ ጎን ሄዱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«ጥሩ ልስን ነው» አሉ። «ማነው የለሰነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ጥሩ እጅ አለሽ።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከሥሩ ወረቀት አለ» አለቻቸው። «ተሸካሚው አለ። አጣቢዋም አለች። መንትዮቹም። አንዳቸውም አልተነኩም።»

እጃቸው ቆመ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ተንጠራራ። አልደረሰም።

«እሷስ?»

ሠዓሊቷ የተንጠራራውን እጃቸውን ይዛ አወረደችው። ሽማግሌው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ይህን ግድግዳ ስይዝ» አሉ፣ «ወርቅ ነበረበት። ያንን የሳሉት መምህሬ ነበሩ። ቀለም መፍጨት ያስተማሩኝ፣ ብሩሽ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ያ መጽሐፍ በብብቴ ነበር። ‹ይህ ሰው አይደለም፣ አሻንጉሊት ነው› አልኩና በመጥረቢያ አነሳሁት። ያልወረደልኝ ላይ ለሰንኩበት። በዚያ ቀን መምህሬ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸውን ተራምጄ ገባሁ።»

«ነግረውኝ አያውቁም።»

«ምኑን እነግርሻለሁ?» ነጫጭ ዓይኖቻቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ወረቀት አላደረግሁም። አንድ ወረቀት እንኳ። ትዝም አላለኝ።»

ከዚያ ስለ እናቷ ሊጠይቋት አልደፈሩም፤ እሷም የፋቃት ማን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። ምናልባት ያውቁ ነበር። ወንድሟ ሊጠይቃቸው ሲመጣ እጁን ይዘው ረዥም ጊዜ ያሻሹት ነበር፣ የመፋቂያውን ጠባሳ እንደሚፈልጉ ሁሉ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ሁለት ወር ያህል ወንድሟን አላየችውም። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቋ መጣ። ለመድኃኒት ቤቱ ሰሌዳ ትጽፍ ነበር፤ ፊደል ብቻ። በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፣ ፀጉሩ ግን ሸብቷል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አባታቸው ልብስ ለማን እንደሚሰጥ ተነጋገሩ። ነገሩ አለቀ። አልተነሳም።

«እትዬ።»

«ወዬ።»

«ዓይኗ… ምን ይመስል ነበር? ሌሊት ሌሊት ላስታውሰው እሞክራለሁ። የሚመጣብኝ ያ የወርቁ ነው።»

ብሩሹን አስቀመጠች።

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«አንቺ አድገሽ ነበር። አይተሻታል።»

«አራት ዓመቴ ነበር፣ ማሙሽ። እኔም የማውቃት እዚያው ግድግዳው ላይ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ ልጅ ሆኖ የሰረቀውን ሲናዘዝ በሚያወጣው ድምፅ «ልትስያት ትችያለሽ? ለማንም አላሳይም» አላት።

ሠዓሊቷ ከጠረጴዛው ሥር የወረቀት ጥቅል አውጥታ ጭኑ ላይ ዘረጋችለት። ሃያ ይሆናሉ። በአንዱ ላይ አፍንጫ አለ፣ በአንዱ አንገት፣ በአንዱ ፋኖስ የያዘ እጅ። ሙሉ ፊት የወጣላት በሦስቱ ላይ ብቻ ነበር፤ ሦስቱም የተለያዩ ሴቶች ነበሩ።

«የአባባ አሳሳል ይመጣልኛል» አለች። «እሷ ግን አትመጣም።»

እያንዳንዱን ወረቀት አየው፤ ቸኩሎ አላየም። ለዚያች ሰዓት ዓይኑ መጾሙን ትቶ ነበር። ሲጨርስ ጠርዛቸውን አስተካክሎ ጠቀለላቸውና መለሰላት። በዚያን ጊዜ የመሰብሰቢያው ደወል ተሰማ። ዛሬ አስተማሪው እሱ ነው። ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቆመ። የሚናገር መስሏት ቀና አለች። እሱ ግን ኮፍያውን አድርጎ ወደ ጸሎት ቤቱ ሄደ።