በሩን ክፈቱላት

ፍሬሕይወት ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ጋዜጠኛ ነበረች። ቸሃ ወረዳ የሚኖሩት አባቷ አቶ ለማ ሲታመሙ፣ "ይህን የምርጫ ሰሞን ልወጣውና እመጣለሁ" እያለች ሰነበተች። በመጨረሻ በሚኒባስ ስትደርስ ደጅ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ቀብሩም አልቋል።

የአባቷ ታላቅ እኅት እትዬ ፋንቱ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት።

"ሲጨንቀው ዜና ሰዓት ደርሶ ሬዲዮ ከፈትንለት። ድምፅሽን ሲሰማ ቀና ብሎ፣ 'ልጄ መጣች፣ በሩን ክፈቱላት' አለ።"

"ከዚያስ?"

"ምን እናድርግ ልጄ፣ ከፈትንለት። ደጁን ደጁን እያየ አለፈ።"

ሐዘኑ ካበቃ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማይክሮፎኑ ሲከፈትላት ግን "ጤና ይስጥልኝ" ማለት እንኳ አቃታት። ባልደረባዋ ደንግጦ ሙዚቃ አስገባ። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ዳግመኛም ወደዚያ ጣቢያ አልተመለሰችም።