የዕድሩ ፍሪጅ

«ፍሪጁ አይወጣም» አለች ሸዋዬ፣ ነጠላዋን አደግድጋ በሩ ላይ ቆማ።

የባሏ የሂካ ሣልስት ነው። ለቀስተኛው ማስክ አድርጎ፣ ተራርቆ የሰነበተበት ድንኳን እየፈረሰ ነበር። ወንበሩ ሄዷል። የቀረው ለእንግዳ ውሃ ሲያቀዘቅዝ የከረመው የዕድሩ ፍሪጅ ነው።

«ልጄ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ» አሉ ሊቀመንበሩ ጋሽ ፍስሃ። «የዕድር ዕቃ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው።»

«አዎ፤ ለሂካም የደረሰለት ሲሞት ነው።»

ሂካ ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ ያለ ሕንፃ ጥበቃ ነበር። ወረርሽኙ ሲገባ የሕንፃው ሠራተኞች ሥራቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ፤ በር ግን ከቤት ሆነው አይጠብቁትም። በዚያ ላይ ስኳር ነበረበት። ኢንሱሊኑን የሚያኖረው ፊት ለፊት ካሉት ከእትዬ አስመረት ፍሪጅ፣ የእንቁላል ቦታው ላይ ነው። እትዬ አስመረት ለሽማግሌ አባታቸው ፈርተው በራቸውን ሲዘጉ፣ ሸዋዬ ልታንኳኳ ተነሳች። «ተያቸው፣ ሰው ፈርቷል» አላት ሂካ። ቀጥሎ ያመጣውን መድኃኒት እርጥብ አሸዋ በሞላው ማሰሮ ውስጥ ቀበረው። የቆርቆሮ ጣሪያው ሙቀት አሸዋውንም አልማረውም፤ መድኃኒቱ ተበላሸ። ስኳሩ ወጣ፤ ኮቪድ ሲይዘው አምስት ቀን አልቆየም። ያን ሁሉ ጊዜ ይህ ፍሪጅ ሦስት ቤት አልፎ፣ የዕድሩ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር።

«ማዕዛም ያው በሽታ አለባት» አለች ሸዋዬ ወደ ጎረቤቷ እየጠቆመች። «የሷም መድኃኒት ማሰሮ ውስጥ ነው። እስክትሞት እንጠብቃት?»

ግቢው ተንጫጫ። አንዷ «የኔም እናት» አለች። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ተሸካሚዎቹ ፍሪጁን ለቀቁት። ሸዋዬ፣ ሦስት ቀን የከዳት ጉልበት ተመልሶላት፣ ሐዘን ላይ መሆኗን ረስታ ደስ አላት።

ጋሽ ፍስሃ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሩ። «ሶኬቱን መልሱት» አሉ በመጨረሻ። «ለዕድሩ ጉባኤ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።»

ማዕዛ ሮጣ ጠርሙሷን አመጣች። ከኋላዋ እትዬ አስመረት ዓይናቸውን ሳያነሡ መጡ። ሸዋዬ ሲመጡ ልትናገራቸው ቃል አዘጋጅታ ነበር።

«እኔ ጋ ቀርቶ ነበር» አሉ፤ ፕላስተር ላይ «ሂካ» ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ጠርሙስ ዘረጉላት።

ሸዋዬ ያዘጋጀችውን ቃል ትታ ጠርሙሱን ተቀበለች፤ ፍሪጁ ውስጥ ከማዕዛ ጠርሙስ ጎን አስቀመጠችው። «ሲያልቅብሽ ውሰጂው» አለቻት ማዕዛን።

እጇን ግን አላወጣችም። የሂካን ጠርሙስ እንደጨበጠች፣ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ቅዝቃዜው ውስጥ ቆየች።